«ውድድሩ ቅዳሜ ነው፤ አባቱ ደግሞ በሰንበት አይሮጥም ይላል»

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምጽፍልዎ ከእስራኤል ነው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው። 1,500 እና 3,000 ሜትር ይሮጣል፤ ተስፋ አለው ይሉታል። የሚቀጥለው ውድድር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነብን። ባለቤቴ ጎንደር ገጠር ነው ያደገው፤ ‹በሰንበት ሩጫ የሚባል ነገር በቤቴ የለም› ብሏል። አሰልጣኙ ‹ማሩ ተፈሪም እኮ ሮጦ ነው ሜዳሊያ ያመጣው› ይለዋል። ልጁ ስለ ሳንዲ ኮፋክስ አንብቦ አንድ ቀን ‹እውነተኛ አይሁዳዊ ስፖርተኛ በበዓል አይጫወትም› ይለኛል፤ በማግስቱ ‹ሳሸንፍ እስራኤላዊ፣ ስሸነፍ አበሻ ነኝ፤ ለማን ብዬ ነው የምተወው?› ይላል። ይሩጥ ወይስ ይቅር? ማካቢያ ላይ ለመሮጥስ ከረቢዎች የአይሁድነት ወረቀት አምጡ ይላሉ የሚባለው እውነት ነው?»

መልሱን ላስቀድም። ይህችን ቅዳሜ አይሩጥ። ምክንያቴ ግን ባለቤትዎ ያሉት ብቻ አይደለም፤ ኮፋክስም አይደለም። ለዓመቱ በሙሉ የሚሆነውን ውሳኔ ደግሞ በዚህ ሳምንት አትወስኑ። ሁለቱን ለይተን እንያቸው። በጥያቄዎ ውስጥ አራት ነገር ተቀላቅሏል፦ ሃይማኖት፣ ዜግነት፣ የቆዳ ቀለም፣ የአንድ ልጅ የሩጫ ዕድሜ። ሲቀላቀሉ ነው ቤት የሚያውኩት።

በአሰልጣኙ ልጀምር። ኢትዮጵያ ተወልዶ ለእስራኤል የሚሮጠው ማሩ ተፈሪ በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ማራቶን ብር አገኘ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2023 ደግሞ ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሁለተኛ ወጣ፤ 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። የኢትዮጵያው ልዑል ገብረሥላሴ በ7 ሰከንድ ተበልጦ ሦስተኛ ነበር። አሁን ካላንደር ያውጡና ይዩ። የሙኒኩ ሩጫ ነሐሴ 15 ዋለ፤ ሰኞ። የቡዳፔስቱ ነሐሴ 27፤ እሁድ። ሁለቱም ሰንበት አልነበሩም። ስለዚህ «ማሩም ሮጧል» የሚለው ለዚህ ጥያቄ ማስረጃ አይሆንም። ማሩ በግሉ ሰንበትን እንዴት ያከብራል የሚለው የራሱ ጉዳይ ነው፤ እኔም ልናገርለት አልችልም፣ አሰልጣኙም አይችልም። የታዋቂ ሰው ስም እየጠሩ የልጅን አፍ ማስያዝ ብዙ አሰልጣኞች የለመዱት ነገር ነው። አይጠቅምም።

ኮፋክስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልጅዎ ያነበበው ግማሹን ታሪክ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሳንዲ ኮፋክስ የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ኳስ ወርዋሪ ነበር። ቤዝቦል ለማናውቅ ሰዎች፦ ወርዋሪው ጨዋታውን በእጁ የያዘ ሰው ነው፤ እግር ኳስ ላይ በረኛውና አጥቂው አንድ ሰው ቢሆኑ ብለው ያስቡት። በ1965 የዓመቱ ትልቁ ፍልሚያ፣ ወርልድ ሲሪየስ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ጥቅምት 6 ላይ ዋለ። ያ ቀን ኪፑር ነበር፤ የአይሁድ የአስተስርዮ የጾም ቀን። ኮፋክስ አልወረውርም አለ። በእሱ ቦታ ዶን ድራይስዴል ገባ፤ ዶጀርስ 8 ለ 2 ተሸነፈ። ድራይስዴልን ገና በሦስተኛው ዙር ከሜዳ ሲያወጡት ለአሰልጣኙ «ዛሬ እኔም አይሁዳዊ በሆንኩ ብለህ ሳትመኝ አልቀረህም» ብሎ ቀለደ ይባላል። ኮፋክስ በማግስቱ ወጣና እሱም ተሸነፈ። ይህን ብዙ ሰው ሲተርክ ይዘለዋል። ከዚያ ግን አምስተኛውን ጨዋታ 7 ለ 0፣ የመጨረሻውን ሰባተኛ ጨዋታ ደግሞ በሁለት ቀን እረፍት ብቻ ወጥቶ 2 ለ 0 አሸነፈ። ዋንጫው የዶጀርስ ሆነ፣ የውድድሩ ኮከብም እሱ ተባለ።

ልጅዎ ከዚህ ሦስት ነገር ይያዝ። አንደኛ፣ ኮፋክስ የዘወትር ጸሎተኛ አልነበረም፤ አርብ ማታም ቅዳሜም ይጫወት ነበር። ስሙ የተነሣበት ቀን ኪፑር ነው፤ ሰንበት አይደለም። ሁለተኛ፣ 29 ዓመቱ ነበር፣ በዘመኑ ከእሱ የሚበልጥ ወርዋሪ አልነበረም፣ ከጀርባውም ድራይስዴልን የሚያህል ሰው ነበረው። ሲቀር ማንም ከቡድን አያባርረውም። ሦስተኛ፣ ንግግር አላደረገም፤ ዝም ብሎ ቀረ። ጀግና ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ «እውነተኛ አይሁዳዊ ስፖርተኛ» የሚል ሕግ ከኮፋክስ አይወጣም። የሚወጣው አንድ ሰው መስመሩን ከየት እንዳሰመረ ብቻ ነው።

እንዲያውም ለልጁ የሚቀርበው ታሪክ የሃንክ ግሪንበርግ ነው። የዲትሮይት ታይገርስ ተጫዋች ነበር። በ1934 ዲትሮይት ማለት የመኪና ጌታው ሄንሪ ፎርድ በጋዜጣው አይሁዶችን ለዓመታት ሲሰድብ የኖረበት አገር ነው። ግሪንበርግ 23 ዓመቱ ነው። ቡድኑ ለዋንጫ እየገሰገሰ ሳለ ሮሽ ሀሻና ደረሰ፤ የአይሁድ አዲስ ዓመት። ይጫወት አይጫወት የሚለው ነገር የከተማው ወሬ ሆነ፤ ረቢዎች ሳይቀሩ ተጠየቁ። ልጁ ጨነቀው። በመጨረሻ ተጫወተ፤ ሁለት ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው ውጭ የሚጥል ምት) መታ፤ ዲትሮይት 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ሁለቱም ነጥብ የእሱ። ከ9 ቀን በኋላ ኪፑር መጣ። ያን ቀን ምኩራብ ሄደ፤ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት። ቡድኑ ያለ እሱ ተሸነፈ። ዋንጫው ግን በዚያን ጊዜ እጃቸው ሊገባ ምንም አልቀረውም ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ስለማያምር ነው። አንዱን በዓል ተጫወተ፣ አንዱን ቀረ። ጥብቅ የሆነ ሰው «ግማሽ ልብ» ይለዋል። ነገር ግን ሰው መስመሩን ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚመስለው፤ ያውም ሁሉም እያየው። ልጅዎም አንድ ቀን እንዲህ፣ በማግስቱ እንዲያ የሚለው ስለዋዠቀ አይደለም፤ እያሰበ ነው።

ደግሞ አጥባቂ የሆኑትም እርስ በርሳቸው አይስማሙም። በ2021 የአሜሪካ ቤዝቦል ክለቦች አዳዲስ ልጆች ሲመርጡ ሰንበት የሚያከብሩ ሁለት ኦርቶዶክስ የሚባሉ አጥባቂ አይሁዳውያን ወጣቶች ተመረጡ። አንዱ ጄኮብ ስታይንሜትዝ ነው። በሰንበት ይጫወታል፤ መኪና ላይ ግን አይወጣም፤ ሜዳው አጠገብ ያድርና በእግሩ ይሄዳል። ሌላው ኤሊ ክሊግማን ነው። እሱ አርብ ፀሐይ ከገባ እስከ ቅዳሜ ማታ ጨርሶ አይጫወትም። ሁለቱም አማኝ፣ ሁለቱም ኮሸር፣ ማለት በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ ብቻ፣ የሚበሉ፣ አንድ ዓመት የተመረጡ። ቦክሰኛው ዩሪ ፎርማን በ2010 ከሚጌል ኮቶ ጋር ኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ሲገጥም ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ሰንበት እስክትወጣ ተጠብቆ ነው የገባው። በሌላ በኩል ማራቶን ሯጯ ቢቲ ዶይች አለች። በረጅም ቀሚስና በእጅጌ ነው የምትሮጠው፤ ኢየሩሳሌም የምትኖር የልጆች እናት። የቶኪዮ ኦሊምፒክ የሴቶች ማራቶን ከእሁድ ወደ ቅዳሜ ሲዛወር ቀኑን ቀይሩልኝ ብላ ታገለች። ቀኑ አልተቀየረም፤ እሷም አልሄደችም። ዓለም ለፎርማን ጠበቀ፣ ለእሷ አልጠበቀም። ለልጅዎ ይህንንም ይንገሩት፤ መስመር ማስመር አንዳንዴ ያስከፍላል፣ ሁልጊዜ በጭብጨባ አያልቅም።

አሁን ወደ ባለቤትዎ። እኔ ረቢም ቄስም አይደለሁም፤ ሥራዬ ስፖርትና ታሪኩ ነው። የሃይማኖቱን ፍርድ ከእኔ አይውሰዱ። ሆኖም አንድ የተሳሳተ ነገር ላርም፤ «ሩጫ በሰንበት በአይሁድ ሕግ ክልክል ነው» ብሎ ነገር በደፈናው የለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሹልሐን አሩክ የሚባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ወጣቶች መሮጥና መዝለል ደስ የሚላቸው ከሆነ በሰንበት ይፈቀድላቸዋል ይላል። ገርሞዎት ይሆናል፤ እኔንም መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። ችግሩ ያለው ሩጫው ዙሪያ ነው። ወደ ሜዳው የሚወስደው አውቶቡስ አለ፣ ምዝገባው አለ፣ ጫማ ላይ የሚታሰረው የሰዓት መቆጣጠሪያ አለ፣ ሰውነትን ለልምምድ ብሎ ማላብ አለ። ረቢ ቢጠይቁ ስለነዚህ ነው የሚያወራዎት።

የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ ሰንበት ደግሞ ራሱን የቻለ ነው፤ በብዙ ነገር ከረቢዎቹ የጠበቀ። ባለቤትዎ ያደጉበትን ቤት ያስቡት። አርብ ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ውሃው ተቀድቷል፣ እንጨቱ ተለቅሟል፣ የሰንበት ዳቦ ተጋግሮ ተሸፍኗል፣ ገላ ታጥቧል፣ ነጭ ተለብሷል፤ ከዚያ እሳቱ ይጠፋና በማግስቱ የሚበላው ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ቤት ያደገ ሰው «በሰንበት ሩጫ የለም» ሲል ልጁን ሊያስቸግር አይደለም። መንደሩ ሁሉ ጸጥ ሲል ነው የሚታየው። ልጁ ግን ያንን መንደር አላየውም። እሱ የሚያውቀው የእስራኤል የእግር ኳስ ሊግ በቅዳሜ ሲጫወት ነው፤ ይህ ጉዳይ ራሱ በ2015 ፍርድ ቤት ደርሶ ሊጉ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር፤ ማለት አገሩ ራሱ አልተስማማበትም። አባት «የለም» ካለ በኋላ ለምን እንደሌለ ተቀምጦ ቢነግረው ከክልከላው የበለጠ ይሠራል። ከተቻለ ሁለቱ አብረው አንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ዘንድ ይሂዱ። ልጁ ጠያቂ ሆኖ ይሂድ፤ ተከሳሽ ሆኖ አይሂድ።

ኪፑር ላይ ግን ድርድር የለኝም። በአስተስርዮ ቀን ልጁ አይሮጥም፣ አይለማመድም፣ «ቀለል ያለች ሩጫ» የምትባለውንም አይሞክር። የምለው ስለ ሃይማኖቱ ብቻ አይደለም። 25 ሰዓት ያህል ያለ ምግብና ያለ ውሃ ነው፤ ውሃ የሌለበት ጾም ከረሃቡ ይልቅ በጥሙ ነው ሯጭን የሚጎዳው። ጾሙ በዋለበት ማግስትም ከባድ ልምምድ አይኑር፤ ቀለል ያለ ብቻ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ደግሞ በደንብ ይጠጣ። ስኳር፣ ኩላሊት ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ልጅ ከሆነ ከጾሙ በፊት ሐኪም ይጠየቅ፤ ነፍስን የሚጎዳ ጾም እንደማይጾም ረቢዎቹም ይስማማሉ። የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድም ሲመጣ እንዲሁ ነው፤ እስከ እኩለ ቀን የሚጾም ከሆነ ልምምዱ ወደ ማግስቱ ይዛወር። ለአሰልጣኙ እነዚህን ቀኖች ገና ከክረምቱ ጽፎ መስጠት ነው።

ልጁ «ሳሸንፍ እስራኤላዊ፣ ስሸነፍ አበሻ» ያለው ከሁሉም በላይ የነካኝ ነው። ይህን አታስተባብሉት። «አይ እንደሱ አይደለም የኔ ልጅ» አይበሉት፤ እሱ የሰማውን ሰምቷል። ይልቅ ብቻውን እንዳልሆነ ይወቅ። ግሬትል በርግማን የምትባል ጀርመናዊት ከፍታ ዘላይ ነበረች። ሃይማኖት ብዙም ግድ የማይሰጠው ቤት ነው ያደገችው። ሂትለር በ1933 ሥልጣን ሲይዝ ክለቧ አባረራት፤ አይሁዳዊት መሆኗን በስፖርት ሜዳ የነገሯት ሌሎች ናቸው ማለት ነው። እንግሊዝ ሄዳ አሸነፈች። ከዚያ አሜሪካ በርሊን ኦሊምፒክን እንዳትተው ብለው ናዚዎቹ ቤተሰቦቿን እያስፈራሩ መለሷት። በ1936 ክረምት ላይ 1 ሜትር ከ60 ዘለለች፤ የጀርመን ክብረ ወሰን እኩል። ኦሊምፒኩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደብዳቤ ደረሳት፤ ብቃትሽ አይመጥንም የሚል። ቦታዋን እንኳ ለሌላ አልሰጡትም፤ ባዶውን ተዉት። በ103 ዓመቷ በ2017 አሜሪካ ውስጥ አረፈች።

ቪየና ውስጥ ደግሞ ሌላ መልስ ነበር። በሌሎች ክለቦች አይሁዳዊ ሲገፋ፣ በ1909 ሃኮአህ የሚባል የአይሁዶች የስፖርት ክለብ ተመሠረተ፤ በዕብራይስጥ «ኃይል» ማለት ነው። የዳዊትን ኮከብ ደረታቸው ላይ አድርገው ይጫወቱ ነበር። በ1925 የኦስትሪያ የእግር ኳስ ሻምፒዮን ሆኑ። ወሳኙን ጎል ያስቆጠረው ማን መሰለዎት? በረኛው። እጁ ተሰብሮ፣ በዚያን ጊዜ ተጫዋች መቀየር ስለማይፈቀድ፣ እጁን አንገቱ ላይ አስረው አጥቂ አደረጉት፤ እሱም አገባ። ናዚዎች በ1938 ክለቡን ዘጉት። ከክለቡ ዋናተኞች አንዷ ዩዲት ዶይች በ1936 በርሊን አልሄድም በማለቷ የኦስትሪያ ፌዴሬሽን ከውድድር አገዳት። ሰዎች «አይሁድና ስፖርት ምን አገናኛቸው» ሲሉ ይገርመኛል። አልፍሬድ ሃዮሽ የሚባል የሃንጋሪ አይሁዳዊ በ1896 በመጀመሪያው ኦሊምፒክ ሁለት የዋና ወርቅ ወስዷል እኮ።

ዛሬም ቢሆን «ማን ነው አይሁዳዊ» የሚለው እስራኤል ውስጥ ሜዳ ላይ አንድ መልስ፣ ቢሮ ውስጥ ሌላ መልስ አለው። አርቲም ዶልጎፕያት በ2021 ቶኪዮ ላይ በጂምናስቲክ ወርቅ አመጣ። አገሩ ሁሉ ተነሥቶ መዝሙር ዘመረለት። በዚያው ሰሞን እናቱ ልጄ እዚህ አገር ማግባት አይችልም ብለው ተናገሩ፤ አባቱ አይሁዳዊ፣ እናቱ ግን ስላልሆኑ የሃይማኖት ፍርድ ቤቱ አይሁዳዊ አይለውም፤ እስራኤል ውስጥ ደግሞ ጋብቻ በሃይማኖት ቤቶች ነው። በኬንያ የተወለደችው ሎናህ ሳልፒተር በትዳር ዜግነት አግኝታ በ2022 የዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ነሐስ ለእስራኤል አመጣች። የእናንተን ደግሞ ቤትዎ ያውቀዋል። ያኔ ከእስራኤል ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 አይሁዳዊ ሁሉ እስራኤል ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ እንዲሸፍናቸው ተወሰነ፤ ያም ሆኖ ከመጡ በኋላ እንደ አዲስ ወደ አይሁድነት እንደሚገባ ሰው በውሃ የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ ተባሉና በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ በዋናው ረቢናት (የረቢዎች ጽሕፈት ቤት) ደጃፍ ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ከዚያ ደጃፍ ከተቀመጡት ውስጥ የባለቤትዎ ዘመዶች ሳይኖሩ አይቀሩም። ልጁ ይህን ከአባቱ ቢሰማ ሰንበት ለምን «የእነሱ» ሳትሆን የእሱ እንደሆነች ይገባዋል። «ለማን ብዬ» ላለው እኔ ያለኝ መልስ ይኸው ነው፤ ለሚያጨበጭቡትም ለሚሰድቡትም ብሎ አይተው፣ አይሩጥም።

በዚሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «አበሻ ስለሆነ ነው የሚሮጠው» የሚለውን ከቤት አስወጡ፤ ዘመድ ሲለው ምርቃት ይመስላል። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ ሰው ስለ አይሁዶች ቦክስ እንዲህ ይል ነበር። ቤኒ ሌናርድ ከ1917 እስከ 1925 የቀላል ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ ከእሱ በኋላ ባርኒ ሮስ መጣ። በደም ነበር? አይደለም። ድሃ የስደተኛ ሰፈር፣ በየጥጉ ጂም፣ በአንድ ምሽት ከፋብሪካ ሳምንት የሚበልጥ ክፍያ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ጓንቱ ተሰቀለ። የእኛ ልጆች ወደ ሩጫና ወደ ኳስ የሚሄዱትም በአብዛኛው ሌላው በር ውድ ስለሆነ ነው፤ ለሩጫ ጫማ ይበቃል። የእስራኤል እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን አምበል እስከመሆን የደረሰው ኤሊ ዳሳ የሮጠው ኳስ ይዞ ነው። ልጅዎ ነገ ሩጫ ቢሰለቸው አበሻነቱ አይቀነስም። ይህን ቢያውቅ ለእግሩም ይቀለዋል።

ማካቢያውን በአጭሩ። በ1932 ቴል አቪቭ ላይ የተጀመረ፣ በየአራት ዓመቱ የሚደረግ ውድድር ነው። ከሌላ አገር የሚመጡት አይሁዳውያን ናቸው፤ ከእስራኤል የሚገቡት ግን የየትኛውም ሃይማኖት ዜጎች ናቸው፤ አረብ እስራኤላውያንም ይወዳደራሉ። ልጅዎ ዜጋ ነው። ስለዚህ የረቢ ወረቀት አምጣ አይባልም፤ የሚባለው ሰዓትህን አሳይ ነው። የታዳጊዎች ምድብም አለው። ማርክ ስፒትዝ በ1972 ሙኒክ ላይ ሰባት ወርቅ ከመውሰዱ በፊት፣ በ1965 በ15 ዓመቱ የዋኘው እዚያ ነው። በ2025 ሊደረግ የነበረው በጦርነቱ ምክንያት ወደ 2026 ተገፍቷል። ምዝገባውን በክለቡ በኩል ይጠይቁ፤ በፌስቡክ ወረቀት እናወጣላችኋለን የሚል ሰው ካጋጠመዎት ገንዘብ አይስጡ።

እንግዲህ ለምን ይህችን ቅዳሜ ይቅር አልኩ? 15 ዓመቱ ስለሆነ ነው። ማሩ ያን የቡዳፔስት ብር ሲያገኝ 31 ዓመቱ ነበር። ለረጅም ርቀት ሯጭ በ15 ዓመት አንድ ውድድር መቅረት ምንም አያጎድልም፤ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ፣ ሆዱን እየቆረጠው መነሻው መስመር ላይ መቆም ግን ያጎድላል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የማሠለጥነው አንድ ልጅ ነበረኝ። በሦስት ቅዳሜ ሦስቴ «ሆዴን አመመኝ» አለኝ። እኔ ሞኙ ሐኪም ዘንድ ላክሁት። በኋላ ነው አያቱ እንደማይፈቅዱለት የሰማሁት። እስከዚያው ከቅብብሎሽ ቡድኑ አውጥቼው ነበር፤ ጓደኞቹም ሰነፍ ብለውት ነበር። እውነቱን ቢነግረኝ ኖሮ የአርብ ጠዋት ውድድር እፈልግለት ነበር። ስለዚህ አደራ፣ «አሞታል» ብለው እንዳይደውሉ። «ይህችን ቅዳሜ በሰንበት ምክንያት አይሮጥም፣ የቀረውን ወቅት እንነጋገር» ይበሉ። በቃ።

ከዚያ ከአሰልጣኙ ጋር የዓመቱን ፕሮግራም ዘርግታችሁ ቀኖቹን እዩ። አርብ ጠዋት የሚደረጉ አሉ። ቅዳሜ ማታ የሚጀምሩም አሉ፤ በታኅሣሥ ሰንበት በእኛ ሰዓት 11 ሰዓት አለፍ ሲል ትወጣለች፤ በሰኔ ግን ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልፋል፤ ስለዚህ ክረምትና በጋ አንድ አይደለም። ከቀሩት ቅዳሜዎች ውስጥ በእውነት የሚቆጭ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ታገኛላችሁ፤ እንደ አገር አቀፍ ሻምፒዮናው ያለ። ክርክሩ በእነሱ ላይ ይሁን እንጂ በየሳምንቱ አይሁን። ልጁ ከቄሱ ጋር ከተነጋገረ በኋላ የራሱን መስመር ይናገር፤ አባቱ ይስሙት። ለአንድ ወቅት ይሞከር። በመሀል አይቀየር፤ «ይህ ትልቅ ውድድር ነውና» እያሉ በየጊዜው ማስተካከል ነው ቤት የሚበጠብጠው። ወቅቱ ሲያልቅ እንደገና ተቀመጡ። አሰልጣኙ በዚህ ምክንያት ልጁን ከቡድን ካስወጣው ክለብ ቀይሩ። ሰንበት የሚያከብሩ ልጆችን የሚይዙ ክለቦች አሉ፤ ትንሽ ራቅ ሊሉ ይችላሉ፣ የአውቶቡስ ጣጣ አለው፤ ይሁን።

ሰውነቱ ለቅዳሜ ተዘጋጅቶ ነበርና ዝግጅቱ አይባክን። እሁድ አመሻሽ ላይ አየሩ ሲበርድ ሜዳ ይውሰዱት። ሃያ ደቂቃ ያሟሙቅ። ከዚያ 3,000 ሜትሩን ይሩጥ፤ 7 ዙር ተኩል ነው፤ የመጀመሪያውን ዙር አይፈንጭ። ሰዓቱን ባለቤትዎ ይያዙት፤ በየዙሩም ጮክ ብለው ይጥሩለት። ያመጣውን ቁጥር ለአሰልጣኙ ላኩለት።